የሻገቱት አርባ አንድ ናሙናዎች

ሰኔ 24 ቀን 2017

የመጨረሻዎቹ ተማሪዎች ዛሬ ሻንጣቸውን እየጎተቱ ወጡ። ግቢው ጭር ብሏል። ዶክተር ሀይለመለኮትም ለክረምቱ ወደ አዲስ አበባ ከመሄዱ በፊት የሄርባሪየሙን፣ የደረቁ ዕፅዋት ማከማቻ ክፍላችንን፣ በር ገፋ አድርጎ፣ ወደ ውስጥ እንኳን ሳይገባ ሥራዬን ነገረኝ። ከቁም ሳጥን አንድ እስከ አምስት ያሉት የዱር ሽንኩርትና የዘመዶቹ ናሙናዎች በሙሉ ፎቶ ይነሳሉ፣ መለያ ወረቀታቸው ኮምፒውተር ላይ ይጻፋል፣ እስከ ጳጉሜን 5 ኢንተርኔት ላይ ይጫናሉ። ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ናቸው። ውጭ አገር ያሉ ተመራማሪዎች በሽታ የሚቋቋም ሽንኩርት ለማዳቀል የዱሩን ዘመድ ይፈልጋሉ። እኛ ደግሞ አድርቀን፣ ካርቶን ላይ ለጥፈን፣ ቆልፈንበት ተቀምጠናል።

«ብቻሽን ትችይዋለሽ?» አለኝ። እችላለሁ አልኩት። ስድስት ዓመት ከቁም ሳጥን ጋር ብቻዬን ስኖር ያልሞትኩ ሰው ሁለት ወር አይገድለኝም።

ሰኔ 27

ሃያ ሁለት ናሙና። መብራት ሦስት ጊዜ ሄደ። ዝናብ። ምሳ አልበላሁም። እናቴ ከሆሳዕና ደወለች፣ እጄ ሙጫ ስለነበረ አላነሳሁም። በኋላ ስደውል እሷ አላነሳችም።

ሐምሌ 3

ፎቶው ቀላል ነው። ካርቶኑን ካሜራው ሥር አስተኛለሁ፣ ማስመሪያና የቀለም መለኪያ ጎኑ አስቀምጣለሁ፣ አነሳለሁ። ከዚያ ኮምፒውተሩ ይጠይቀኛል፤ ሰብሳቢው ማን ነው፣ ያዘጋጀው ማን ነው፣ ከየት ተሰበሰበ፣ መቼ።

መከራዬ «ከየት» ላይ ነው። ከስድስት መቶ አሥራ ሁለቱ አራት መቶ ሠላሳውን የሰበሰቡት ጋሽ ገዳሙ ናቸው። ሃያ ስምንት ዓመት እዚህ ክፍል ሠርተዋል፤ ሥራውንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ቦታ ሲጽፉ ግን ወረዳም ቀበሌም አያውቁም። «ከማርያም በታች፣ ምንጩ ማዶ» ይላሉ። የትኛዋ ማርያም? ጎጃም ውስጥ ድንጋይ ብወረውር የሚያርፈው ማርያም ቅጽር ላይ ነው። ቀኑንም «የጊዮርጊስ ማግስት» ብለው ያልፉታል። እኔ ሆሳዕና ተወልጄ ጴንጤ ሆኜ ያደግሁ ሰው የጊዮርጊስን ማግስት ከየት ላውቀው? የቤት አከራዬን እትዬ ሙላቷን ጠየቅኳቸው። ጊዮርጊስ በየወሩ ሃያ ሦስት ነው፣ ማግስቱ ሃያ አራት፣ ይህን ሳታውቂ ነው እዚህ አገር የኖርሽው ብለው ሳቁብኝ። አሁን ወረቀት ላይ ሠላሳውንም ቀን ጽፈውልኝ ከኮምፒውተሩ ጎን ለጥፌዋለሁ።

ዶክተሩ ጋሽ ገዳሙ ዘንድ ደውለሽ ጠይቂያቸው ይላል። እደውላለሁ አልኩት። አልደወልኩም።

ሐምሌ 8

አራተኛው ቁም ሳጥን ላይ ደረስኩ። የታችኛውን መደርደሪያ ትቼ ወደ አምስተኛው አለፍኩ። እዚያ ያሉት አርባ አንዱ የሻገቱት ናቸው። ለካሜራም አይመቹም።

ሐምሌ 9

ትናንት ለካሜራ አይመቹም ብዬ የጻፍኩት ሰበብ ነው። ካሜራው ምን ግድ አለው።

ሐምሌ 14

ዶክተሩ ደወለ። አርባ አንዱ የት ሄዱ አለኝ። ተበላሽተዋል አልኩት። የተበላሸም መረጃ ነው፣ አስገቢያቸው አለኝ። ዛሬ ቀኑን ሙሉ እነሱን ሳነሳ ዋልኩ።

የዱር ሽንኩርት ቶሎ አይሞትም። ቅጠሉን በወረቀት መሀል አስተኝተው ድንጋይ ቢጭኑበት እንኳን፣ የሽንኩርቱ ራስ ካልተከፈለ ለሳምንታት በሕይወት ይቆያል። በጨለማ ያበቅላል፣ ወረቀቱን ያረጥባል፣ ይሻግታል፣ ጎረቤቱንም ያሻግታል። ስለዚህ ከመጫን በፊት እያንዳንዱ ራስ በምላጭ ሁለት ይከፈላል፤ አለበለዚያ የፈላ ውሃ ይነከራል። ጋሽ ገዳሙ መጀመሪያ ያስተማሩኝ ነገር ይህ ነው። በ2011 ክረምት ግን አንድ ጥቅል ሳይከፈል ተጫነ፤ ሳይታይ ቁም ሳጥን ገባ፤ በውስጡ የነበሩት አርባ አንድ ናሙናዎች ተበላሹ። ኮሚቴ ተቀመጠ። ጋሽ ገዳሙ ጥፋቱ የእኔ ነው አሉ፤ ጡረታቸው ሁለት ዓመት ሲቀረው በራሳቸው ጥያቄ ወጡ። ነገሩ ይኸው ነው።

«ያዘጋጀው» የሚለውን ቦታ ባዶ ተውኩት። መለያ ወረቀቱ ላይ ያለውን ጻፊ ይላል ዶክተሩ። መለያ ወረቀቱ «ገዳሙ» ይላል። በዚያን ጊዜ መለያ ወረቀቶቹ ሁሉ የጋሽ ገዳሙ ስም አስቀድሞ ታትሞባቸው ነበር የሚመጡት።

ሐምሌ 16

ዶክተሩ ስልኩን ሳይዘጋ ከአጠገቡ ካለ ሰው ጋር ሲያወራ ሰማሁ። የላክሁለትን ፎቶዎች እያዩ ነበር። «ሽማግሌው መጨረሻ ላይ እጃቸው ተቀይሯል» ይለዋል። «ረጅሙን ቅጠል ሁልጊዜ ሦስት ቦታ ነበር የሚያጥፉት። የሻገቱትን እያቸው፣ ሁለት ቦታ ነው። አርጅተው ነበር፣ ምስኪን።»

ሁለት ቦታ የሚያጥፍ ያረጀ ሰው አይደለም፤ የቸኮለ ሰው ነው። ስልኩን እኔ ዘጋሁት።

ሐምሌ 19፣ ቅዳሜ

ዛሬ ዓይኔን በጨው ታጥቤ አምበር ሄድኩ። ጋሽ ገዳሙ የሚኖሩት እዚያ ከልጃቸው ከትሕትና ጋር ነው። ትሕትና አስተማሪ ናት። የገብርኤል ዕለት ስለሆነ ሚኒባሱ ነጠላ በለበሰ ሰው ተጨናንቋል፤ ሁሉም ወደ ዘመዱ ይሄዳል። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ አንቺስ ማን ጋ ነሽ አሉኝ። አስተማሪዬ ጋ አልኩ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ራሴን ታዘብኩት፤ ስድስት ዓመት ደጃቸውን ያልረገጥኩ ነኝ።

ቤታቸው መደብ ላይ ጋቢ ለብሰው ተቀምጠዋል። ከስተዋል። ሰላም ስላቸው ወደ ድምፄ ዞሩ እንጂ ወደ ፊቴ አልዞሩም። ዓይናቸው ጠፍቷል። ማንም አልነገረኝም፤ እኔስ ማንን ጠየቅሁ። «ሔዋን ነሽ?» አሉኝ። «ድምፅሽ ወፍሯል።» የት ጠፋሽ አላሉም።

ሥራ ጀመርን። የቸገሩኝ ሰባ ሦስት ቦታዎች ነበሩ። አንድ በአንድ አነበብኩላቸው። ሳይቸኩሉ ሁሉንም መለሱልኝ። የምንጯ ማርያም ወደ መርጡለ ማርያም በሚወስደው መንገድ ያለችው ናት፤ በአማኑኤል በኩል ያለችው ምንጭ የላትም። አንዱ ቦታ ላይ፣ ዝናብ ስለመጣ ቄሱ ቤት አድረው በማግስቱ መቆፈራቸውን፣ የቄሱ ውሻም ቦት ጫማቸውን መውሰዱን ነገሩኝ። ትሕትና ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። በዚህ ክረምት ከሰው ጋር ስስቅ የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም።

ልነሳ ስል ጠየቁኝ።

«እነዚያ የሻገቱት እስካሁን አሉ?»

አሉ አልኳቸው።

«ከቻልሽ እነሱን ተያቸው። ዓለም የሚያየው ነገር ከሆነ ስሜ እዚያ ላይ ባይወጣ ደስ ይለኛል። የቀሩትን ደህና አድርጌ ሠርቻለሁ።»

እሞክራለሁ አልኳቸው። ምን ልበላቸው።

ትሕትና እስከ አስፋልቱ ሸኘችኝ። ከሥራ ከወጡ ጀምሮ እጃቸውን አያምኑም አለችኝ። ጓሮው ውስጥ ይተክሉት የነበረውን ተዉት። በራቸውን ራሳቸው ቆልፈው «በትክክል ነው ወይ?» ብለው ይጠይቋታል። ዓይናቸው መቼ ነው የተበላሸው አልኳት። ሐኪሙ ከሦስት ዓመት ወዲህ ነው ብሏል። «እሳቸው ግን አይቀበሉም» አለች። «ከዚያ በፊት ነው የጀመረው፣ ሥራ ላይ እያለሁ ነው ይላሉ። ያን ሽንኩርት ሳልከፍል የጫንኩት ስለማላይ ነው ይላሉ።»

ሐምሌ 20

ሰባ ሦስቱንም ቦታ ሞላሁ። እትዬ ሙላቷ በሩን ቆረቆሩ፣ ተኝቻለሁ አልኩ፤ የተኛ ሰው እንደማይመልስ የገባኝ ከሄዱ በኋላ ነው።

ሐምሌ 24

አርባ አንዱን እንተዋቸው አልኩት ዶክተሩን። አይሆንም አለ። ከመካከላቸው ከዚያ ወዲህ ማንም ያላገኘው ዓይነት አለ፤ ሻጋታም ቢሆን ከሱ ዘረ መል ይወጣል። የሽማግሌው ስም ከከበደሽ «ያልታወቀ» ብለሽ ሙዪው፣ ማንም አይጎዳም አለኝ።

ያልታወቀ። እንዴት ያለ ለስላሳ ቃል ነው። አርባ አንድ ጊዜ ጻፍኩት። ለጋሽ ገዳሙም እፎይታ ነው፤ ስማቸው አይወጣም። ሁላችንም ዳንን።

ሐምሌ 25

ሁላችንም ብዬ ጽፌአለሁ።

ሐምሌ 30

ዛሬ ልክ ስድስት ዓመቱ ነው። እንግዲህ ልጻፈው፤ ይህን ደብተር ከእኔ በቀር የሚያነበው የለም።

ፍልሰታ ሊገባ አንድ ቀን ቀርቶት ነበር። ጋሽ ገዳሙ በየዓመቱ እንደሚያደርጉት በማግስቱ ሱባኤ ሊገቡ ነው። እኔ ደግሞ ለእህቴ ሠርግ ሌሊት ተነስቼ የሆሳዕና መንገድ ልጀምር። ከሜዳ የመጣው ሽንኩርት ጠረጴዛው ላይ እርጥብ ነው። ሁለት ክምር አድርገን ተካፈልነው፤ አንዱን እሳቸው፣ አንዱን እኔ። ጀርባ ለጀርባ ነበርን። እሳቸው እየከፈሉ፣ ቅጠሉን ሦስት ቦታ እያጠፉ፣ በየመሀሉ ውዳሴ ማርያም ያነበንባሉ።

እኔ አንድ ራስ ከፈልኩ። ጭማቂው ጣቴ ላይ ፈሰሰ። ለሠርጉ ጥፍሬን ቀለም ተቀብቼ ነበር። ረሳሁት ብዬ ለራሴ ስነግረው የኖርኩት ውሸት ነው፤ አልረሳሁም። ሽታውን ይዤ ሠርግ ላለመሄድ የቀሩትን እንዳሉ አስተኛኋቸው። ስመለስ እከፍላቸዋለሁ አልኩ። ስመለስ ጥቅሉ ቁም ሳጥን ገብቷል፤ እኔም ዝም አልኩ።

ኮሚቴው ፊት ጋሽ ገዳሙ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ። «ሔዋን፣ ያንቺን ከፍለሽ ነበር?» የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። አምስት ሰው ያየኛል።

«አዎ» አልኩ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲያው የእኔ ነው» አሉ። አልተጠራጠሩኝም። ጥቅምት ላይ ቁልፉን በእጄ ሲያስረክቡኝ ናፍታሊኑን በየሦስት ወሩ ቀይሪ አሉኝ። በየሦስት ወሩ ቀይሬአለሁ፤ አንድ ቀን አላሳለፍኩም። ይህን እንደ ካሳ ስቆጥረው ኖሬአለሁ። እንዴት ያለሁ ሞኝ ነኝ።

ነሐሴ 1

«ያልታወቀ» የሚለውን አጠፋሁ። አርባ አንዱም ባዶ ናቸው። ነገ አምበር እሄዳለሁ።

ነሐሴ 2

ትሕትና ስልክ ላይ፦ አባቴ ሱባኤ ገብተዋል አለችኝ። በዚህ ዓይናቸው። ሰው እየመራቸው ወሰዳቸው። እስከ አሥራ ስድስት አይወጡም፤ ስልክም የለም። መልእክት ካለሽ ላቆይልሽ አለች። የለኝም አልኳት።

ነሐሴ 7

ከተማው በሙሉ ይጾማል። እትዬ ሙላቷ ከቅዳሴ እስኪመለሱ ግቢው ውስጥ ድምፅ የለም። እንቁላል ለመጥበስ በሩንም መስኮቱንም ዘጋሁ፤ ሽታው ወጥቶ እንዳይታዘቡኝ። ጭሱ አስለቀሰኝ። ከዚያ ጭሱ ካለፈም በኋላ አለቀስኩ።

እሁድ እሁድ የምሄድበት ጸሎት ቤት አለ፤ እሱንም ከሰኔ ጀምሮ ትቼዋለሁ። የጸሎት ርዕስ ያለው ይናገር ሲሉ ሁሉም ወደ እኔ የሚያዩ ይመስለኛል።

ነሐሴ 11

ኢንተርኔት የለም። መንገድ ተዘግቷል ይላሉ፣ ተከፍቷል ይላሉ። አምስት መቶ ስልሳ ጨርሻለሁ። ጥበቃዎቹ ከመስኮቴ ሥር ዝናብ ተጠልለው ሲያወሩ አንደኛው «ይቺ ልጅ ሰው የላትም እንዴ?» አለ።

ነሐሴ 14

ስድስት መቶ አሥራ ሁለት። የቀረው «ያዘጋጀው» ብቻ።

ባልነግራቸውስ? ሽማግሌ ናቸው። ነገሩን ለምደውታል። አሁን መናገር ለእሳቸው ነው ወይስ ለእኔ እንቅልፍ? ይህን ጥያቄ ዛሬ አሥር ጊዜ ጠየቅኩ፤ አሥሩንም ጊዜ ራሴን የሚያድን መልስ አገኘሁለት።

ነሐሴ 17፣ ቅዳሜ

ነገርኳቸው።

ጾሙ ትናንት ተፈትቷል። ትሕትና ምሳ አቀረበች። ከምሳ በፊት ልናገር ብዬ ነበር፤ ልቤ አልቆረጠም። የሰው ማዕድ በልቼ፣ እጄን ታጥቤ፣ ከዚያ ተናገርኩ። ክምሩን፣ ሠርጉን፣ ጥፍሬን፣ «አዎ» ያልኩትን። ሳላስጌጥ ተናገርኩ። ትሕትና ሳህኑን እንደያዘች ቆማ ቀረች።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል። ጋሽ ገዳሙ ጆሯቸውን ወደ እኔ መለሱ።

«ያንቺ ክምር ነበር?»

«አዎ፣ የእኔ ነበር።»

«የኔስ ክምር?»

«የእርስዎ ሁሉም ተከፍሏል ጋሼ። ፎቶው ላይ አጉልቼ አንድ በአንድ አይቻለሁ። አንድም አልሳቱም።»

እጆቻቸውን ከጋቢው ሥር አውጥተው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቢቆጡኝ እንዴት ደስ ባለኝ።

«እንግዲያው ያን ጊዜ ዓይኔ ደህና ነበር ማለት ነው» አሉ።

መዳፋቸውን ወደ ላይ ገለበጡ።

«ከሥራ ከወጣሁ በኋላ ሦስት ክረምት ዓይን ነበረኝ። ቁጭ አልኩበት።»

እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል በእጃቸው ከለከሉኝ፤ ትከሻዬን ሳያገኙት አየሩን ነው የገፉት። «መንገድ ይመሽብሻል፣ ሂጂ» አሉኝ። ትሕትና አልሸኘችኝም።

ነሐሴ 18

ቤተ ክርስቲያን ደወል። ዝናብ። አልተነሳሁም።

ነሐሴ 21

አርባ አንዱም ላይ ሞላሁት። ያዘጋጀው፦ ሔዋን ሎምባሞ። ኮምፒውተሩ ስሜን ከሦስተኛው በኋላ ራሱ ይሞላልኝ ጀመር፤ እያጠፋሁ በእጄ ጻፍኩት። ለዶክተሩም የኮሚቴው ቃለ ጉባኤ ይስተካከል ብዬ ሁለት ገጽ ደብዳቤ ጽፌ ላክሁ።

ነሐሴ 26

ዶክተሩ ደወለ። መጀመሪያ ጮኸ፤ ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ፤ ዝቅ ያለው የባሰ ነበር። ሽማግሌው እጃቸው ተቀይሯል እያልኩ ለሰው ሳወራ ታዳምጪኝ ነበር አይደል አለኝ። አዎ አልኩት። ይህኛው «አዎ» እውነት ነው። ሥራውን ጨርሰሽ ጫኚ፣ መስከረም ላይ ዲኑ ይጠራሻል፣ ቁልፉን ለጽሕፈት ቤቱ አስረክቢ አለኝ።

ጋሽ ገዳሙ ዘንድ ሦስት ጊዜ ደወልኩ። አይነሳም።

ጳጉሜን 2

እናቴን በስልክ አገኘኋት። በሀዲይኛ ሁሉንም ነገርኳት። ሰምታ ስትጨርስ ነይ አለችኝ። ለአዲስ ዓመት አልደርስም አልኳት። መቼም ቢሆን ነይ አለችኝ።

ጳጉሜን 4

ኢንተርኔቱ ከቀትር በኋላ መጣ። ስድስት መቶ አሥራ ሁለቱን ጫንኩ። አራት ሰዓት ፈጀ። ሲያልቅ የምነግረው ሰው ስላልነበረኝ እንደገና አምበር ደወልኩ፤ ይነሳል ብዬ አይደለም።

ትሕትና አነሳች። ሰላምታዋ አጭር ነው። ቆይ አለችኝና ስልኩን ለአባቷ ሰጠች። ሲተነፍሱ ይሰማኛል። ተጭኗል ጋሼ፣ አሁን ማንም አገር ያለ ሰው ሊያየው ይችላል አልኳቸው።

«የሻገቱትን አንብቢልኝ» አሉኝ።

አርባ አንዱንም አነበብኩላቸው። ቁጥሩን፣ ቦታውን፣ ቀኑን፣ ሰብሳቢው ገዳሙ፣ ያዘጋጀው ሔዋን ሎምባሞ። እያንዳንዱ ላይ ስሜን እስክጨርስ ይጠብቃሉ፤ ከዚያ «እሺ» ይላሉ። አርባ አንድ ጊዜ እሺ አሉ። ይቅር ብዬሻለሁ አላሉም። እኔም አልጠየቅኳቸውም።

ጨረስኩ አልኳቸው። ይዘጉታል ብዬ ስልኩን ከጆሮዬ ላርቅ ስል ድምፃቸውን ሰማሁ።

«አሁን የኔን አንብቢልኝ።»

የትኞቹን አልኳቸው።

«ሁሉንም።»

ስልኩን ቻርጅ ላይ ሰክቼ ከቁጥር አንድ ጀመርኩ።